ሦስት መስመር የነበረው ዘበኛ፦ ከትወና ወደ ድርሰት ስለ መሻገር የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶች

የምንኖረው ከአያት ወዲያ፣ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። የሰፈሩ የንባብ ክበብ አባላት በወር አንድ እሑድ በጋራ መገልገያ ቤቱ እንሰበሰባለን። ባለፈው ወር ተራው የእኔ ሆነና «ዕድሜ ልክዎን ተውነዋል፣ አሁን ደግሞ ድራማ ይጽፋሉ፤ ስለ ሙያው እንጠይቅዎ» ተባልኩ። ገና ሁለት ጥያቄ ሳልመልስ መብራት ጠፋ። የቀረው ጥያቄ በብጣሽ ወረቀት እየተጻፈ በባርኔጣዬ ውስጥ ተሰበሰበ። ቤት ወስጄ አንብቤያቸው እነሆ በጽሑፍ መልሻለሁ። የጠያቂዎቹን ስም አላወጣሁም፤ አንዳንዶቻችሁ በእጅ ጽሑፋችሁ ብትታወቁ ግን ጥፋቱ የእኔ አይደለም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንዴት ጀመሩት? ከልጅነትዎ ጀምሮ ተዋናይ የመሆን ሕልም ነበረዎት?

ሕልም ሳይሆን ዳቦ ነው ያስጀመረኝ። ያደግሁት ኮተቤ ነው። በደርግ ጊዜ ቀበሌው ሁሉ የየራሱ የኪነት ቡድን ነበረው፤ በእኛ ቀበሌ ለድራማ ጥናት የመጣ ልጅ ሻይ በዳቦ ያገኛል። በ1972 ዓ.ም. ዳቦውን ብዬ ሄድኩ። የዚያን ጊዜ ድራማ ያለ ባላባት አይሆንም፤ ባላባቱ ይገባል፣ ጭሰኛውን ይገርፋል፣ መጨረሻ ላይ ሕዝቡ ይይዘዋል። ሰፈር ውስጥ መሰደብ ስለሚያመጣ ባላባት ልሁን የሚል ልጅ ጠፋ። እኔ አዲስ ስለነበርኩ ተጫነብኝ። አጥንቴ የሚቆጠር ቀጫጫ ነበርኩና የእናቴን ትራስ ሆዴ ላይ በመቀነት አሰሩልኝ።

በሁለተኛው ቀን ትርኢት መሀል መቀነቱ ላላ። ትራሱ ቀስ እያለ ወደ ጉልበቴ ሲወርድ ይሰማኛል። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። የምይዘው የምጨብጠው ቢጠፋኝ ሆዴን በሁለት እጄ ደግፌ ወደ ጭሰኛው ዞርኩና «ምን ትስቃለህ? ና ተሸከምልኝ እንጂ!» አልኩት። ጽሑፉ ላይ እንዲህ የሚል ቃል አልነበረም። አዘጋጁ «ነገም በላት» አለኝ። የቀበሌው ካድሬ ግን በማግስቱ አስጠርቶ «ሕዝቡ በባላባት ይሳቅ፤ ባላባት ግን አያስቅ» አለኝ። እስከ ዛሬ ልዩነቱ አልገባኝም።

ጥያቄ፦ የእኛ አገር ቲያትር የጀመረው መቼ ነው?

ባጭሩ ልመልስ። የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔት ተብሎ የሚጠራው ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1910ዎቹ መጀመሪያ የጻፉት «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ነው። የሚናገሩት እንስሳት ቢሆኑም መኳንንቱ የተነኩት እነሱ መሆናቸው ገባቸውና ታገደ። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ የዛሬው ብሔራዊ ቲያትር ደግሞ በ1948 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ተከፈተ። ሁለቱም ዛሬም አሉ። ሩቅ ነው አትበሉኝ፤ እኔ ከአባዶ እየተነሣሁ እሄዳለሁ።

ጥያቄ፦ ድሮ ወንዶች ሴት ሆነው ይጫወቱ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ለሴት ልጅ መድረክ ላይ መቆም እንደ ነውር በሚቆጠርበት ዘመን የሴቱን ክፍል የሚጫወተው ወንድ ነበር። ለትውልድ ሙሉ በቴሌቪዥን ተረት ያወሩልን አባባ ተስፋዬ፣ ተስፋዬ ሳህሉ፣ በወጣትነታቸው ሴት ሆነው ተጫውተዋል። «ጤና ይስጥልኝ ልጆች» ሲሉ የምናውቀው ለስላሳ ድምፅ ከየት እንደመጣ ሳስብ ይህ ትዝ ይለኛል። ግምቴ ነው እንጂ ማስረጃ የለኝም።

ጥያቄ፦ ለምንድን ነው ሁልጊዜ ዘበኛ ወይም ሽማግሌ የሚሆኑት? ዋና ተዋናይ ያልሆኑት ፊትዎ ነው ወይስ ዕድል?

ፊቴ ነው። ጠያቂው ከአራተኛ ፎቅ መሆኑን ስለማውቅ በጨዋነት አልፌዋለሁ።

ቆጥሬዋለሁ፤ አሥራ አንድ ጊዜ ዘበኛ፣ ስድስት ጊዜ ዳኛ፣ አራት ጊዜ ጠጅ ቤት የሚያመሽ ሰካራም ሆኛለሁ። አስታራቂ ሽማግሌ የሆንኩበትን መቁጠር ትቻለሁ። እንዲህ ያለውን ተዋናይ አጃቢ ይሉታል፤ እንደ ሠርግ። አጃቢ ሙሽራ አይሆንም፤ ሙሽራው እየላበው አንገቱን ሲደፋ ግን ዙሪያውን የሚያየው አጃቢው ነው።

አንዱን ዘበኛ ልንገራችሁ። የነበረኝ ሦስት መስመር ነው፦ «ማን ነው?» «ጌታዬ የሉም።» «እሺ፣ እነግራቸዋለሁ።» በቃ። ሦስቱን መስመር ስል እንዳልሰለች ብዬ አንድ እውነተኛ ዘበኛ ጋር ሦስት ሌሊት አመሸሁ። እንዳየሁት እኚህ ሰው በር ሲንኳኳ «ማን ነው» አይሉም። መጀመሪያ እጃቸው ጋቢያቸው ውስጥ ይገባና የትንሿን ሬዲዮ ድምፅ ይቀንሳል። ከዚያ ያዳምጣሉ። የጫማውን ድምፅ ለይተው ሲጨርሱ ነው የሚጠይቁት፤ አብዛኛውን ጊዜ የመጣው ማን እንደሆነ አስቀድመው አውቀውታል።

ሬዲዮ ይዤ ለጥናት መጣሁ። በሩ ሲንኳኳ እጄን ጋቢዬ ውስጥ ሰድጄ ቁልፏን አዞርኩ፣ አዳመጥኩ፣ ከዚያ «ማን ነው?» አልኩ። ዋናው ተዋናይ ከበሩ ውጭ ሆኖ ይጠብቃል፤ ዝምታው ስለረዘመበት ቃሌ የጠፋኝ መስሎት በሹክሹክታ ቃል አቀበለኝ። አዘጋጁ ግን ሬዲዮዋ ትቆይ አለ፤ ድምፅ አታውጣ እንጂ። ድምፅ የሌላት ሬዲዮ የበለጠ ተሰማች፤ ተመልካቹ ራሱ ሞላበት።

ከዚያ በኋላ ነው ነገር የመጣብኝ። ይህ ዘበኛ የሚያዳምጠው ምንድን ነው? እኔ ካላወቅሁ እጄ ይዋሻል። የእህል ዋጋ ነው ብዬ ወሰንኩ። ለምን የእህል ዋጋ? አገር ቤት ጤፍ የሚሸጥ ልጅ ስላለው። ልጁ ለምን አይመጣም? ተጣልተው። በምን ተጣሉ? ያን ሌሊት በባለ 50 ሉክ ደብተር ላይ ስለዚያ ልጅ ሁለት ገጽ ጻፍኩ። ለራሴ እንጂ ለማንም አልነበረም። በሕይወቴ የመጀመሪያው ድርሰት እሱ ነው፤ ድርሰት መሆኑን ያወቅሁት ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ትወናውን ትተው ጽሕፈት ለምን ገቡ? ተበሳጭተው ነው ሲባል ሰምቻለሁ።

ተበሳጭቼ ነው፤ ግን ብስጭቱ ብቻውን አልነበረም። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ እያቀረበ ሲጀምር በሙያው ያለን ብዙዎች ጮኸናል፤ እኔም ጮኼያለሁ። በዚያው ዓመት የባቡሩ መስመር ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች ተከፍቶ ስለነበር በየቀኑ ወደ መሀል ከተማ እየወረድኩ ሥራ እፈልግ ነበር። ሥራው ቀጥኗል። አንድ ወዳጄ «ለምን ድምፅ አትሰጥም?» አለኝ። ስጮህበት የነበረውን ሥራ ልሠራ? ኪራይ ደረሰና ሠራሁት፤ ስሙን በማልጠቅሰው ስቱዲዮ ውስጥ ለአንድ ቱጃር አባት ድምፅ ሰጠሁ።

እዚያ ነው ቋንቋዬን እንደ ዕቃ ፈትቼ ያየሁት። የባዕዱ ተዋናይ አፍ ተከፍቶ እስኪዘጋ ባለው ጊዜ ውስጥ አማርኛው አልቆ መገኘት አለበት። የተሰጠኝ ትርጉም ደግሞ ቃል በቃል ነበርና አልገጥም ሲል እኔ እያሳጠርኩ አቀርብ ጀመር። ተርጓሚዋ መጀመሪያ ተቆጣች፤ ኋላ ጽሑፉን ቀድማ ትልክልኝ ገባች። ከዚያ ሌሎችም ላኩ። «የራስህን ለምን አትጽፍም» ያለችኝም እሷ ናት።

ጥያቄ (ቲያትር ከሚማር ወጣት)፦ ጥሩ ቃለ ተውኔት፣ ማለትም የገጸ ባሕርያቱ ንግግር፣ የሚባለው ምን ዓይነት ነው? መምህራችን «ተፈጥሯዊ ይሁን» ይሉናል፤ እንዴት እንደሚሆን ግን አልነገሩንም።

ልጄ፣ ይህን በሰፊው ልመልስልህ፤ የወደድኩት ጥያቄ ነው።

አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሰዋስው ስንማር ተነግሮናል። ለድራማ ጸሐፊ ግን ይህ ሰዋስው ብቻ አይደለም፤ ምሥጢር መያዣ ነው። «ቤቱን ለወንድሜ...» ብሎ አንድ ሰው ቢያቆም የሸጠው ይሁን ያከራየው፣ ያወረሰው ይሁን የከለከለው አናውቅም። አድማጩ በዚያች ትንፋሽ ውስጥ ታስሯል። አሁን ይህን የባልና ሚስት ንግግር ተመልከት፦

— ቤቱን ለወንድሜ...
— ሸጥከው?
— ኧረ!
— ታዲያ?
— እንዲሁ ሰጠሁት።

ሚስቱ ግሡን ቀድማ ልትነጥቀው ሞከረች፤ የፈራችውንም በዚያው ነገረችን። ጀማሪ ጸሐፊ ግን «ቤቱን ለወንድሜ እንዲሁ ስለሰጠሁት አሁን የምንኖርበት የለንም» ብሎ ይጽፈዋል። ያ ቃለ ተውኔት ሳይሆን ቃለ ጉባኤ ነው።

ሁለተኛው አክብሮት ነው። በእንግሊዝኛ ለንጉሡም ለውሻውም የሚበቃ አንድ ቃል አለ። እኛ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፣ አንቱ እያልን ሰውን በየደረጃው እናስቀምጣለን፤ ከደረጃው ስናነሣው ደግሞ ጦርነት ነው። አንድ ድራማ ውስጥ የሠላሳ ዓመት ባልና ሚስት የሚጣሉበት ትዕይንት ነበረኝ። አራት ገጽ ስድብ ጻፍኩ፤ ሳነበው እኔኑ አሰለቸኝ። ሁሉንም ሠረዝኩት። ሚስትየዋ ሠላሳ ዓመት «አንተ» ስትለው የኖረችውን ሰው ሰሃን እየደረደረች «ምሳ ይቅረብልዎ?» አለችው። ተዋንያኑ ተቀምጠው ጽሑፉን በሚያነቡበት በጠረጴዛ ንባቡ ላይ ባሉን የሚጫወተው ተዋናይ ወረቀቱን አስቀምጦ ቀና አለ። ከዚያ በኋላ የሚጨመር ስድብ የለም።

የተገላቢጦሹም አለ። ተከራይ አከራዩን ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» የሚያወርድበት ቅጽበት አንድ ክፍል ሙሉ ሊሸከም ይችላል። ስለዚህ ስትጽፍ ማን ማንን ምን ብሎ እንደሚጠራ አስቀድመህ ወስን፤ በዳር ወረቀት ላይ ጻፈው፤ መቼ እንደሚቀየርም እወቅ። በስሕተት የተቀየረ «አንተ» ተመልካቹ ጆሮ ውስጥ እንደ ጠጠር ይቀራል።

ሦስተኛ፣ ጆሮ። የእኛ ሕንፃ ደረጃ ከየትኛውም ትምህርት ቤት ይበልጣል። ውኃ በመጣበት ሌሊት ጀሪካን ይዞ የሚወርድ ሰው ሙሉ ዓረፍተ ነገር አይናገርም። «መጣ?» «ቀጭን ናት።» «ለእነ እማማ ያዝላቸው።» ሦስት ሰው፣ አንድ ችግር፣ አንዲት አሮጊት፤ ሁሉንም አየሃቸው አይደል?

ጥያቄ፦ አይቀየሙኝና፣ ባለፈው ድራማዎ ውስጥ ሁሉም ሰው በምሳሌ ይናገራል። ሊስትሮው ሳይቀር እንደ ሽማግሌ ያወራል። አይበዛም?

ይበዛል። አልቀየምም፤ ባለቤቴም ብላኛለች። ሽማግሌ ሆኜ ብዙ ስለተጫወትኩ ምሳሌያዊ አነጋገር እጄ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። ተረትና ምሳሌ ሽሮ ላይ እንደሚጣል ጨው ነው ልል ነበር፤ ይኸው፣ አያችሁ? አሁን አንድ ክፍል ስጨርስ ምሳሌዎቹን በቀይ ስክሪብቶ አሠምርና አንዱን ብቻ አስቀርቼ ሌላውን አወጣለሁ። የሊስትሮውን ጉዳይ በተመለከተ እውነትም አሳፋሪ ነው፤ ልጁ ዐሥራ ሦስት ዓመቱ ነበር።

ጥያቄ፦ ታሪኬን ለአንድ ፕሮዲውሰር አጫውቼው ሳያስፈቅደኝ ሠራው። መክሰስ እችላለሁ?

እኔም ደርሶብኛልና ቁስልዎን አውቀዋለሁ። አንድ ካፌ ውስጥ ሁለት ሰዓት ሙሉ ታሪኬን ለአንድ ሰው አወራሁ፤ ማኪያቶውን እሱ ከፈለ። በዓመቱ በቴሌቪዥን አየሁት፤ የሚያነክሰው አህያ ሳይቀር። የኔ ነው የምልበት አንድ ገጽ ግን አልነበረኝም።

ሕጉ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። አዋጁ ሐሳብን ለብቻው አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው ሐሳቡ የተገለጸበትን ሥራ ነው። ሥራው የራስዎ ወጥ ፈጠራ ከሆነና ከተጻፈ ወይም ከተቀረጸ ጥበቃው ከዚያው ይጀምራል፤ መመዝገብ ቅድመ ሁኔታ አይደለም። መብቱ ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። መመዝገቡ ግን ክርክር ሲነሣ ለማስረጃ ይጠቅማል፤ እኔ አሁን ሳላስመዘግብ ለማንም አላሳይም። እርስዎ ጽፈውት ሰጥተውት ከሆነ ጠበቃ ያማክሩ። በአፍ ብቻ ከነበረ ግን ማኪያቶውን የከፈለው ማን እንደሆነ ከማስታወስ ሌላ የሚተርፍዎ ጥቂት ነው።

ጥያቄ፦ ያዋጣል?

የመጀመሪያው ጽሑፌ 4,000 ብር አስገኝቶልኛል፤ በሦስት ጊዜ ተከፍሎ ሦስተኛው ሳይመጣ ቀርቷል። አሁን የተሻለ ነው። ቅድሚያ ክፍያ ሳይዙ አንድም ክፍል አያስረክቡ፤ ውሉም በጽሑፍ ይሁን። ከዚህ በላይ ስለ ገንዘብ ብናገር ዕቁብ ሰብሳቢያችን ይሰማኛል።

ጥያቄ፦ ቃል ጠፍቶብዎት ያውቃል?

ስንት ጊዜ! ቃል ሲጠፋ ግን አጃቢ ከዋናው ተዋናይ ይሻላል፤ ዝም ቢል ጥልቅ ሰው ይመስላል።

ጥያቄ፦ ከቀድሞዎቹ ተዋንያን ማንን ያደንቃሉ?

ወጋየሁ ንጋቱን። መድረክ ላይ የነበራቸውን ግርማ ሌሎች ይናገሩት፤ እኔ የማነሣው ሬዲዮውን ነው። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በሬዲዮ ሲተርኩ መጽሐፉን ያላነበበው ሁሉ ሰማው፤ ያነበበውም እንደገና ሰማው። አንድ ሰው ብቻውን ፊታውራሪውንም፣ ሰብለንም፣ ጉዱ ካሳንም ይሆናል። ድምፁን ብዙ አይቀያይርም፤ የሚቀይረው ትንፋሹን ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ሲናገሩ አየሩን ሁሉ ለራሳቸው የወሰዱ ይመስላል፤ ሌላው የሚናገረው የተረፈችውን ስቦ ነው። እኔ አሁን ስጽፍ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነባለሁ፤ ጎረቤቶቼ ከባለቤቴ ጋር የምጣላ መስሏቸው አንድ ቀን አንኳኩተዋል።

ጥያቄ፦ የዐሥራ አራት ዓመት ልጄ ተዋናይ ካልሆንኩ ትላለች። ምን ላድርጋት?

ትምህርቷን ካልተወች አይከልክሏት። የትምህርት ቤቷ ድራማ ላይ አነስ ያለውን ክፍል ትጠይቅ፤ ስታገኘው ደስ ካላት ልጅቷ የእውነቷን ነው።

ጥያቄ፦ ከከተማ ዳር ሆኖ መሥራት አይከብድም? ሁሉ ነገር ያለው መሀል ነው።

ለትወና ይከብዳል፤ ጥናት አምሽቶ ሲያልቅ ከአያት አባዶ የሚመልስ ታክሲ ማግኘት ራሱን የቻለ ድራማ ነው። ለመጻፍ ግን ዳሩ ይሻለኛል። እዚህ የሚኖረው ሰው ከየሰፈሩ በዕጣ የመጣ ነው፤ የፒያሳው፣ የመርካቶው፣ የካዛንቺሱ በአንድ ደረጃ ይወጣል። ከሕንፃው ጀርባ ደግሞ ገበሬው በሬውን ይነዳል። ማለዳ በአንዱ መስኮት የሥራ አገልግሎት መኪና ጥሩምባ፣ በሌላው ጅራፍ ይሰማኛል።

ጥያቄ (ከሕንፃችን የጥበቃ ሠራተኛ)፦ እርስዎ ዘበኛ ሆነው ሲጫወቱ በቴሌቪዥን አይቻለሁ። ግን ድራማ ላይ ያለ ዘበኛ ለምን ሁልጊዜ ይተኛል? እኔ ተኝቼ አላውቅም።

ይህን ወረቀት ደጋግሜ አነበብኩት። እውነትዎን ነው። እኔ ራሴ ከጻፍኳቸው ሁለቱን ዘበኞች አስተኝቻቸዋለሁ፤ ሌባው እንዲገባ ስለፈለግሁና ሌላ መንገድ ለማሰብ ስለሰነፍኩ። የተኛሁት እኔ ነኝ። በተለይ ሁለተኛው ላይ ሲያንኮራፋ ሁሉ አድርጌዋለሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

አሁን በያዝኩት ጽሑፍ ውስጥ አንድ ሌባ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ወደ አንድ ግቢ መግባት አለበት፤ ዘበኛው ደግሞ ነቅቶ ነው። ሦስት ሳምንት ሆነኝ፤ በየት በኩል እንደማስገባው አላውቅም። ማክሰኞ ማታ ተረኛ እርስዎ ነዎት። ደብተሬን ይዤ እወርዳለሁ፤ ሻዩን በፔርሙዝ አመጣለሁ። እርስዎ ሬዲዮዎን ይያዙ።